የተከሳሽ አድራሻ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከጃንጥላዬ ጥግ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጻፍኩ፣ የሰው በደል በወግ።
የድንበር፣ የውርስ፣ የቀለብ፣ የብድር፤
አንድ ገጽ ሠላሳ፣ ቅጂው ዐሥር ብር።
የጠፋች ላም እንኳ ምልክት ነበራት፣
ቀኝ ጆሮዋ ስንጥቅ፣ ግንባሯ ቦቃ ያለባት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ካፊያ እያካፋ፣
መኪያ አባ ራያ መጣች፣ በርጩማ እንደ ሕፃን አቅፋ፤
ሦስት እግር፣ አንድ ግንድ፣ ሚስማር የማያውቅ፣
የዋንዛ ልብ ተጠርቦ፣ በሰም የሚያብረቀርቅ።

«ጻፍልኝ» አለችኝ፤ «ሠላሳ አራት በርጩማ
በቴሌግራም ሸጥኩለት፣ ድምፁን እንኳ ሳልሰማ።
የከፈለበትን ደረሰኝ በፎቶ ላከልኝ፣
ሰማያዊ ምልክቱ፣ ማኅተሙ አሳመነኝ።
ዕቃው በሌሊት አውቶቡስ ዕለቱን ተጫነ፤
ባንክ ሄጄ ብጠይቅ፣ ብሩ ያልተወለደ ሆነ።»

ወረቀቴን አቀናሁ፤ እጄ ግን ቆመብኝ፣
የመጀመሪያው መስመር እንደ ግንብ ዘጋብኝ።
ተከሳሽ፦ ስሙ «ኮከብ ሰባት»፣
መልኩ መነጽር ያጠለቀ ድመት፣
ቀበሌው ሰማይ፣ የቤት ቁጥር የሌለበት።

ድሮ አባቶች «በሕግ አምላክ!» ሲሉ፣
እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ነበር ቃሉ።
ከአዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ በልቤ አልኩት፤
ውሃው ያመነታ መሰለኝ፤ ወይ እኔ ተመኘሁት።
ስልኳን ይዤ ግን «በሕግ አምላክ!» ብዬ ብጠራው፣
ድመቱ ዝም። ከሥሩ፦ «ከወር በፊት ነበር የታየው።»

ጎኔ ኮፒ የሚያነሳው ሀምዱ፣ «ጋሼ፣ ለምን ትለፋለህ?
በስልኬ ያለው ማሽን ይጽፈዋል፣ ቁጭ ብለህ ታያለህ»
አለኝ፤ ጻፈም። ያማረ ቃል፣ የተወለወለ፤
አንድ አንቀጽ ጠቀሰ፤ ፈለግኩት ከመጽሐፉ፤ ከነጭራሹ የለ።

ጻፍኩ እንጂ፣ መቼስ። አድራሻውን ባዶ ትቼ፣
ወሬያቸውን በሙሉ በወረቀት አውጥቼ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ፦ «እሺ»፣ «እሺ እህቴ»፣ «ጫኚ ቶሎ»፣
ከግርጌው ሁለት ቢጫ እጆች፣ አንዱ አንዱን አንጠልጥሎ።

ዳኛዋ ጠየቁ፦ «ይህ እጅ ፊርማ ነው? ሰላምታ?»
ችሎቱ ሳቀ። መኪያ አንገቷን ደፋች፣ ላፍታ።
«ዋናው ደረሰኝ የታለ? ይህ ቅጂ ነው» አሉ።
«ክብርት ዳኛ፣ ዋናውም ቅጂ ነው፣ ከነአካሉ።»
«ውሉስ የት ተደረገ?» «እኔ ሂርማታ ነበርኩ፤
እሱ የት እንደነበር፣ ወላሂ፣ አልጠየቅኩ።»
«ዕቃውን ማን ተረከበ?» «አንድ ኮፍያ ያደረገ ልጅ፣
ስሙን ያልተናገረ፤ ሰሌዳ የሌለው ባጃጅ።»

«የጅማ ችሎት» አሉ ዳኛዋ፣ ድምፃቸው ሳይከፋ፣
«ክስ ይሰማል፤ ግን ተከሳሽ የሚጠራበት ስም ከጠፋ፣
መጥሪያውን ማን ይወስዳል? በየትኛው በር ይለጠፋል?»
(እኔም በልቤ፦ ሕግ በእግሩ ነው፤ ሌባ በአየር ያልፋል።)

ባንኩ ወደ ስልክ ድርጅቱ፣ ስልክ ድርጅቱ ወደ ፖሊስ፣
ፖሊስ «አጽፈሽ ነይ» ብሎ፣ ወደ እኔው ምልስ።
ለሁለተኛው ማመልከቻ ዋጋ ልጠይቅ አፈርኩ፤
ከዚያ ግን ተቀበልኩ።
ቀለም ተወዷል።
«በስልክ ልላክልህ?» ብትለኝ፣ «በእጅሽ» አልኳት ፈጥኜ፤
ሳቀች፣ ያን ቀን መጀመሪያዋ፤ እኔም ሳቅሁ፣ በጃንጥላው ተሸፍኜ።

ቀጠሮው ለኅዳር ሆነ።
በርጩማው ኤግዚቢት ተባለ፤ ቁጥር ተለጠፈበት፣
ሰባ አንድ፣ በቀይ ቀለም፣ ሰሙን በቀባችበት።
ትናንት ቅጂ ላወጣ መዝገብ ቤት ብገባ፣ ለካ
ጸሐፊው ተቀምጦበታል፣ ስልኩን እየነካካ።
«ምቹ ነው» አለኝ ሳይነሳ፤ «ሠሪው የት ይገኛል?
አድራሻ አለህ?»

ከሳሽ፦ መኪያ አባ ራያ።
ሂርማታ፣ እንጨት ተራ፣ ሦስተኛው በር።
የሷስ አለ።